ዉዲን ለመሥራት ያየሁት አበሳ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተ ደግሞ ስለ እጅ ሥራህ ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ መጀመሪያ እምቢ አልሁ። እምቢ ያልሁበትም ምክንያት የእጅ ሥራዬ የተጀመረው በውሸት ስለ ሆነ ነው። በኋላ ግን ነገሩን ታናሽ ወንድሜም፣ እናቴም፣ አባቴም በስልክ ሳይቀር ስለ ሰሙት፣ የክፍል ጓደኞቼና መምህራኖቼ ቢያነቡት ከዚህ የበለጠ የማፍርበት የለኝም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አባታችን የሚሠራው ዱባይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ለታናሽ ወንድሜ፣ ሁላችንም ማሙሽ እያልን ለምንጠራው፣ ዉዲ የሚባለውን አሻንጉሊት አመጣለት። ማሙሽ በዚያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ሰባት ሞልቶታል። አባታችን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ስለዚህ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በስልክ መስታወትና በዚህ አሻንጉሊት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲተኛ አቅፎት ይተኛል፤ ሲበላ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ እናቴ ልትቀጣው ስትነሣ ዉዲን ከፊት አድርጎ ከኋላው ይሸሸጋል።

ይህን አሻንጉሊት የጣልሁት እኔ ነኝ። ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከአክስታችን ቤት ስንመለስ ማሙሽን እንቅልፍ ጣለው። እሱን በትከሻዬ፣ ዉዲን በፌስታል ይዤ ከሚኒባስ ስወርድ ፌስታሉ ወንበሩ ላይ ቀረ። ትዝ ሲለኝ ታክሲው ከዓይኔ ርቋል። በማግሥቱ ተራ አስከባሪዎቹን ብጠይቅ፣ ሾፌሮቹን ብለምን፣ አየሁ የሚል ጠፋ። ወደ ቤት ስመለስ ማሙሽ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ዉዲ የታለ?» አለኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ቃል «ክንዱ ስለ ተቀደደ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» የሚል ሆነ።

ይህን ውሸት ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ፤ ከሁለተኛው ፊልም ነው። በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በወጣው በሁለተኛው ፊልም የዉዲ ክንድ ስፌቱ ይተረተርና አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥኑን ይዞ መጥቶ ይሰፋዋል፤ ቀለሙንም ያድስለታል። ማሙሽ ያንን ሽማግሌ ስለሚወደው ወዲያው አመነኝ። «መቼ ይጨርሳል?» ሲለኝ «ለፋሲካ» አልሁት። እንግዲህ ሰባት ሳምንት ብቻ ነበረኝ። ገዝቼ ልተካ ብዬ መርካቶ ብወጣ ዉዲ ነው ብለው ያሳዩኝ አሻንጉሊት ከባርኔጣው በቀር ምኑም ዉዲን አይመስልም፤ ፊቱም የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከውጭ አገር ላስመጣ ብል ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ራሴ ልሠራው፣ ያውም ልጁ እስከማይለየው ድረስ አስመስዬ ልሠራው ቈረጥሁ።

ፊልሙን ላላያችሁ ወላጆች ጥቂት ላስረዳ። «ቶይ ስቶሪ» የተባለው ፊልም አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1995 ነው። የሠራው ፒክሳር የተባለው ድርጅት፣ ዳይሬክተሩም ጆን ላሴተር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ይኸው ነው። ታሪኩ ሰው ዘወር ሲል ነፍስ ስለሚዘሩ አሻንጉሊቶች ሲሆን፣ ዋናው ዉዲ የአሜሪካን ከብት ጠባቂ ልብስ የለበሰ፣ ራሱና እጆቹ ጠጣር፣ ገላው ግን ጨርቅ የሆነ፣ በጀርባው ያለው ገመድ ሲሳብ የሚናገር አሻንጉሊት ነው። ጌታው አንዲ የሚባል ልጅ ነው።

«ፊልሙ ስለ አሻንጉሊት ከሆነ፣ ከፊልሙ አይቶ አሻንጉሊት መሥራት ምን ያስቸግራል?» ብዬ እኔም አስቤ ነበር። አንበሳን በአሻንጉሊት ማስመሰል ያስቸግር ይሆናል፤ አሻንጉሊትን በአሻንጉሊት ማስመሰል ግን የልጅ ሥራ መሰለኝ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። የፊልሙ ዉዲ አሻንጉሊት መስሎ ተሠራ እንጂ አሻንጉሊት አይደለም። ከጨርቅም፣ ከፕላስቲክም፣ ከእንጨትም አልተሠራም፤ ቍጥርና ብርሃን ነው። ሠሪዎቹ እንዲንቀሳቀስ ያበጁለት መቈጣጠሪያ 723 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 212ቱ ለፊቱ ብቻ ነው። ቅንድቡን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ያጣምማል፣ ጉንጩን ይነፋል። ክብደት የሚባል ነገር ስለሌለበትም በጨርቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይሮጣል። የእኔ ዉዲ ግን አንድ ፊት ብቻ ነው ሊኖረው የሚችለው፤ ክብደቱንም ምድር ትስበዋለች።

ይህ ችግር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ተረዳሁ። ፊልሙ ሲወጣ አሻንጉሊቶቹን የሠራው ቲንክዌይ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ነው። በዚያ ዓመት ለገና ገበያ የቀረበው ለፈላጊው ሁሉ አልበቃም፤ በሁለተኛውም ፊልም ውስጥ በቂ አሻንጉሊት ባላዘዙ ነጋዴዎች ላይ የምትቀልድ አንዲት ንግግር ገብታለች። ይኸው ኩባንያ ከ2009 ጀምሮ፣ ሦስተኛው ፊልም ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው፣ የፊልም ሠሪዎቹን የኮምፒዩተር ቅርጽ ተቀብሎ ፊልሙን በትክክል ይመስላሉ የተባሉ አሻንጉሊቶች አወጣ። ታዲያ ቅርጹ ከምንጩ ተቀድቶ እያለ ሰብሳቢዎች አሁንም አልረኩም፤ የፊቱን ቀለም ፍቀው እንደገና የሚቀቡ፣ ባርኔጣውን የሚለውጡ፣ ልብሱን ፈትተው የሚሰፉ አሉ። ድምፁም ቢሆን እንደዚያው ነው። በፊልሙ የዉዲን ድምፅ የሚሰጠው ታዋቂው ተዋናይ ቶም ሃንክስ ሲሆን፣ በብዙዎቹ አሻንጉሊቶች ውስጥ የሚናገረው ግን ድምፁ የሚመሳሰለው ወንድሙ ጂም ሃንክስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልኩን ማወቅ ነበረብኝ። የጓደኛዬን ላፕቶፕ ተውሼ ፊልሙን እያስቆምሁ በማስመሪያ ለካሁ። አንድ ቦታ ላይ ራሱ ከቁመቱ አራት እጅ አንዱ ሆነ፤ ሌላ ቦታ ላይ አምስት እጅ አንዱ ወጣ፤ ከታች ወደ ላይ በሚታይበት ቦታ ደግሞ ቡቱ ከራሱ በለጠ። የተሳሳትሁ መስሎኝ ሁለት ምሽት ደጋግሜ ለካሁ። የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው ሳቁና ከዓይን የቀረበ ነገር ገዝፎ፣ የራቀ ነገር አንሶ እንደሚታይ፣ የኮምፒዩተሩም ካሜራ ይህንኑ ሕግ እንደሚከተል አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ ከፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ የሚታይባቸውን ሥዕሎች ብቻ መርጬ ለካሁ። ቁመቱን 40 ሳንቲ ሜትር ያደረግሁት ግን ማሙሽ ሲያቅፈው ከብብቱ እስከ ጉልበቱ ይደርስ እንደ ነበር ትዝ ብሎኝ ነው።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ባርኔጣው ጧት በአንዲ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ ማታ በመብራት ሲታይ ሌላ ነው፤ በጓደኛዬ ላፕቶፕና በቤታችን ቴሌቪዥን መካከል ደግሞ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የትኛው ነው እውነተኛው? በዚህ ነገር ከጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራክረን ሳንስማማ ቀርተናል።

ራሱን መጀመሪያ በጭቃ ሠራሁት። ሲደርቅ ጠበበና ከግንባሩ እስከ አገጩ ተሰነጠቀ። ለካስ ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ቅርጽ ማውጫውን ከሚፈለገው ልክ ትንሽ አስፍተው ይቀርጹታል። ቀጥዬ ወረቀት ዘፍዝፌ በዱቄት ሙጫ አቦክቼ ሞከርሁ፤ አፍንጫው ረገበ። በመጨረሻ ከሰፈራችን የእንጨት ሥራ ቤት የዋንዛ ቁራጭ ለምኜ በመሮና በቢላዋ ቀረጽሁት። ዋንዛ ለመጥረብ እሺ የሚል እንጨት ነው፤ ቢሆንም ግራ አውራ ጣቴን ቈርጦኛል፤ ምልክቱን እስካሁን የሚያይ ሊያይ ይችላል።

ልብሱ ከራሱ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የዉዲ ሸሚዝ ቢጫ ሆኖ ቀጫጭን ቀይ መስመር አለው። እንዲህ ያለ ጨርቅ በገበያ ሞልቷል፤ ነገር ግን የተሠራው ለሰው ስለ ሆነ አደባባዩ ሰፊ ነው፤ አሻንጉሊት ላይ ሲሰፋ ደረቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይውላል። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ሰውን ማሳነስ ሲቻል ክርን ማሳነስ አለመቻሉ ነው። ለሰደርያው የጥጃ ቆዳ ቆርጬ ብሞክርም እንደዚያው ሆነ፤ ጠጕሩ በዉዲ ላይ ሲታይ የበግ ለምድ የደረበ አስመሰለው። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ ላይ በጥቁር ቀለም ነጠብጣቡን ሣልሁ። ለሸሚዙ ደግሞ አያቴ ነጭ አቡጀዴ በእርድ ቀቅላ አሪፍ ቢጫ አወጣችልኝ። (አያቴ ምሥጢሩን ከሁሉ በፊት የነገርኋት ሰው ናት። «ውሸትህን በመርፌ ልትሰፋው ነው?» አለችኝና መርፌውን ግን እሷው አነሣች።)

እዚህ ላይ የደረሰብኝን የኬሚስትሪ መምህራችን በክፍል ውስጥ እንድናገረው አድርገውኛል። ጨርቁን ግቢ ውስጥ አስጥቼው ትምህርት ቤት ዋልሁ። እናቴ ወጥ የፈሰሰበት መስሏት በልብስ ሳሙና አሸችው። ስመለስ ቢጫው ጨርቅ የሸክላ መልክ ይዞ ቀይ ሆኗል። ከማልቀስ ሌላ የቀረኝ አልነበረም። በማግሥቱ ቅዳጁን ይዤ ለመምህሩ ባሳያቸው «ይህ እኮ እንደ ሊትመስ ነው፤ የእርድ ቀለም ቤዝ ሲያገኘው ይቀላል፤ አሲድ ሲያገኘው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ ሎሚ ጨምቅበት» አሉኝ። ጨመቅሁበት፤ ዓይኔ እያየ ተመለሰ! እናቴ ቆማ እያየች አማተበች። ቀዩን መስመር አንድ በአንድ በማስመሪያና በእስክሪብቶ አሰመርሁ። የእርድ ቀለም ፀሐይ እንደማይወድ መምህሩ ስላስጠነቀቁኝ ከዚያ በኋላ ጨርቁን ደጅ አላወጣሁትም።

ራሱን ከገላው ጋር ስንሰፋው ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ። የዋንዛው ራስ ለጥጥ ገላ ስለ ከበደው አንገቱ ይሰበርና ደረቱ ላይ ይተኛል። ሽቦ ባስገባበት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግን ደግሞ የደረቀ ሆነ። የፊልሙ ዉዲ ነፍስ ሲዘራ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ሰው ሲመጣ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚዘረጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ገላ ማድረግ አይቻልም። ሽቦውን አወጣሁት። ማሙሽ የሚያቅፈው የሚዘረጋውን ነው። ራሱን ግን ከውስጥ በመሮ ቦርቡሬ አቀለልሁት።

ከሁሉ የከፋው ዓይን ነው። በፊልም ውስጥ በአንዲት ሰከንድ 24 ሥዕል ያልፋል፤ አስቁሜ በምመለከተው ቍጥር ዉዲ ሌላ ፊት አለው፤ አንዱ የፈራ፣ አንዱ የተቈጣ፣ አንዱ ምራቁን ሊውጥ የቀረበ። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ነው የእሱ ፊት? ብዙ ካየሁ በኋላ ሰው ሲገባ ወድቆ የሚያሳየው ፈገግታ ነው ብዬ ወሰንሁ፤ አሻንጉሊት የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ዓይኑን ሰባት ጊዜ ቀብቼ ሰባት ጊዜ ፋቅሁት። ሁለቱ ዓይኖች በፀጕር ስፋት እንኳ ከተለያዩ አንዱ ወደ ጣራ ያያል፤ ቅንድቡ ጥቂት ከወረደ አበዳሪ ይመስላል። ስምንተኛው ጊዜ ላይ ሆነልኝ። የአክስቴ ልጅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለሟን ሰጥታኝ በዓይኑ ላይ ባፈስስበት እንባ ያቀረረ ያህል አበራ።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። ባርኔጣውንና ቡቱን ጫማ አዳሹ ከትርፍራፊ ቆዳ አወጡልኝ፤ የሽጉጥ ማኅደሩን በፊልሙ ባዶ ስለ ሆነ ባዶውን ተውሁት። የሸሪፉን ኮከብ ከቆርቆሮ ቈርጬ ጠርዙን ሞርጄ ሰፋሁት። አሜሪካ ውስጥ 3.17 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሞከሪያ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቍራጭ ያለበት አሻንጉሊት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሸጥ ሕግ ስላለ፣ እናቴ ይህን ሰምታ ኮከቡን ሦስት ጊዜ ጎትታ ሞከረችው። በጀርባው ነጭ ቀለበት ያለው ገመድ አስገባሁለት፤ ቢሳብ ግን አይናገርም። በመጨረሻ በቡቱ ሶል ላይ አንዲ ስሙን እንደ ጻፈው ጻፍሁ። በፊልሙ ልጁ ገና ፊደል በቅጡ ስላልለየ «ኤን» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጣ ነው የተጻፈችው፤ እኔም ይህችን ሳልዘነጋ ገልብጬ ጻፍኋት። በዚህ ጥንቃቄዬ ራሴን አደነቅሁ።

የፋሲካ ዕለት ጧት፣ ከተፈሰከ በኋላ፣ «ጠጋኙ ጨረሰ» ብዬ ሰጠሁት። ማሙሽ ተቀብሎ ፊቱን ብዙ አየው። ፈገግ አለ። ባርኔጣውን አወለቀና መለሰ። ማኅደሩን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አየ። ልቤ ይመታ ነበር። ከዚያ እግሩን አነሣና ሶሉን አየ።

«ይኼ የአንዲ ነው» አለ። «የእኔ የታለ?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባታችን ያመጣው ዉዲ ሶል ላይ ማሙሽ አምስት ዓመት በሞላው ሰሞን የአንዲን ስም ሰርዞ በጥቁር እስክሪብቶ «ማሙሽ» ብሎ ጽፎ ነበር። የ«ሙ»ን ቅጥል በቀኝ ማድረግ ሲገባው በግራ አድርጎት ስለ ነበር ሁላችንም ስቀንበታል፤ እኔማ ከሁሉ የበለጠ ስቄያለሁ። በሰባት ሳምንት ውስጥ የፊልሙን ዉዲ ስንት መቶ ጊዜ አስቁሜ አየሁት፤ ሦስት ዓመት አብሮን የኖረውን ግን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላየሁትም ነበር።

ሁሉንም ነገርሁት፤ ሚኒባሱን፣ ፌስታሉን፣ ጠጋኝ የሚባል ሰው አለመኖሩን። አላለቀሰም። «ያኔ ብትነግረኝ አብረን እንፈልገው ነበር» ብቻ አለኝና አሻንጉሊቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር። አያቴ ደግሞ ወንበሩ ላይ ያለውን እያየች «ይኼ ምስኪን ምን አጠፋ?» አለች።

ሦስት ቀን እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ማታ አባታችን ደወለ። ማሙሽ ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ካወራ በኋላ ተነሥቶ ሄደና አሻንጉሊቱን አምጥቶ ከስልኩ ፊት ለፊት አቆመው። «አባባ፣ ዉዲ ታክሲ ተሳፍሮ ሄዷል። ይኼ ወንድሙ ነው፤ ጋሼ ነው የሠራው» አለው። አባቴ በዚያ ማዶ ሲስቅ ይሰማኛል። ስለ ቶም ሃንክስ ወንድም ለማሙሽ የነገረው ሰው አለመኖሩን አረጋግጣለሁ። ቀጥሎም ቀለበቱን ስቦ ድምፁን አወፍሮ ራሱ ተናገረለት፤ በአማርኛ ነበር፤ ስለ እባብና ስለ ጫማ የሚለውን በገዛ ራሱ ቃል እየለወጠ።

በሶሉ ላይ ያለውን ስም እስካሁን አልሰረዘውም። «ወንድሙ የአንዲ ነው፤ እኛ ዘንድ በእንግድነት ነው የመጣው» ይላል። አሁን ደግሞ ቡዝን ሥራልኝ እያለ ይወተውተኛል። የቡዝ ክንፍ በጀርባው ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ቁልፍ ሲነካ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ማጠፊያና ሞላ የሚጠይቅ ነገር ነውና ፈተናዬን ሳልጨርስ እንደማልነካው ነግሬዋለሁ። የዉዲ ወንድም ባርኔጣ ግን በጣም ሰፍቶ እየወለቀ ስላስቸገረ በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ጫማ አዳሹ ለጥገና ልንወስደው ነው። ማሙሽም አብሬ እሄዳለሁ ብሏል፤ ፌስታሉን የሚይዘው እሱ ነው።